ስሞቹ ካለቁ በኋላ

ኑሃሚን ፊልሙን እንደ ልማዷ እስከ መጨረሻው ልታይ ነበር የተቀመጠችው። መጨረሻው ግን የለም።

ጀግናው ጀርባውን ሰጥቶ በዝናቡ ውስጥ ራቀ። የወደዳት ልጅ የበሩን መቃን ይዛ ቀረች። ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ከዚያም ምንም ሳይቆይ ፍላሹ ላይ ቀጥሎ የነበረው የአባቷ የመዘምራን መዝሙር ጀመረ። እናቷ ወይዘሮ ሻሺቱ «አለቀ? ይኼ ሁሉ ድብደባ ጥሏት ሊሄድ ነው?» ብለው፣ የተቆረጠውን ሙዝ ከፀሐይ ሊያነሡ ወደ ጓሮ ወጡ።

ኑሃሚን ሪሞቱን አንሥታ ወደ ኋላ መለሰችው። ጀግናው እንደገና ጀርባውን ሰጠ፣ እንደገና ራቀ፣ ቴሌቪዥኑ እንደገና ጠቆረ። መዝሙሩ ሲጀምር ድምፁን አጠፋችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። የላንቴ ሙቀት በቆርቆሮው ላይ እየተንጣጣ፣ እሷ ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ነበር።

ፊልም ስላለቀ በምታለቅስ ልጅ ትስቁ ይሆናል። ግድ የለም፣ ቆይታችሁ ሳቁ፤ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ስሙ።

በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ድምፅ ምሥጋና የሚባል ወጣት ድምፅ ነው። ምሥጋና በአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ ሲቀላ፣ መናኸሪያው አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልምና መዝሙር የሚጭን ሱቅ ከጓደኛው ከደግነት ጋር አለው። ዋናው ሙያው ግን ትረካ ነው። የውጭ ፊልም ይወስድና የሴቱንም የወንዱንም የሽማግሌውንም ንግግር በአንድ ጉሮሮ አማርኛ ያደርገዋል። መሀል መሀል ደግሞ የራሱን አስተያየት ጣል ያደርጋል። ወንበዴው ሲፎክር «አንተን ብሎ ፎካሪ፣ መጀመሪያ ጫማህን እሰር» ይላል፤ ቤት ሙሉ ሰው ይስቃል። እውነቱን ለመናገር የአካባቢው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ፊልሙን ሳይሆን የምሥጋናን አስተያየት ነው።

ኑሃሚን ደግሞ የጋሽ ሀይሌ ልጅ ናት። ጋሽ ሀይሌ ከአርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ላንቴ ሰፊ የሙዝ ማሳ ያላቸው፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ፣ ሲናገሩ ሰው ጸጥ የሚልላቸው ሰው ናቸው። ልጅቱ ተምራ አርባ ምንጭ በአንድ የፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ቢሮ ትሠራለች። ከምሥጋና ጋር ያገናኛት ፍቅር አልነበረም፤ ቁጣ ነው።

«ስሞቹን ማን ቆረጣቸው?» ብላ ነበር ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው።

«የትኞቹን ስሞች?»

«ፊልሙ ሲያልቅ የሚወርዱትን።»

ምሥጋና ሳቀ። «እህቴ፣ ፍላሽ ያጣብባሉ። ማንስ ያነባቸዋል?»

«እኔ አነባቸዋለሁ። መብራት የያዘው ሰው እንኳ ስሙ አለ፤ አንተ ስትቆርጠው እንዳልሠራ ሆነ ማለት ነው። ደግሞ የጀግና ፊልም ከስሞቹ በኋላ ትንሽ ነገር ይደብቃል። ተራኪ ሆነህ ይኼን አታውቅም?»

ምሥጋና ያውቃል። የሚያውቀውን ነው ሲቆርጥ የኖረው። ያን ቀን ግን እናቱ ትዝ አሉት። ወይዘሮ ፋንታዬ ደጋው ላይ፣ ገረሴ ውስጥ ሸክላ ይሠራሉ። የእሳቸው እንስራና ድስት በየቤቱ አለ፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኑሃሚንን ፍላሽ ራሱ ይጭን ጀመር፣ ስሞቹን ሳይቆርጥ። ለሌላው ሰው እንደ ድሮው ይቆረጣል፤ ለእሷ ብቻ ሙሉው ይገባል። ፍቅር እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እነሱንም በጀግና ፊልም እያጨቃጨቀ ወሰዳቸው።

ሁሉም ያማረው «የማን ልጅ ነው?» እስኪባል ድረስ ነበር። በጋሞ ምድር ገበሬና ሸክላ ሠሪ ገበያ ይገናኛል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ ዛሬ ዛሬ በአንድ አግዳሚ ተቀምጦ ይዘምራል፤ አይጋባም። ጋሽ ሀይሌ ራሳቸው «በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን» ብለው ስንት እሑድ ሰብከዋል። ለልጃቸው ግን እንዲህ አሏት፦ «ልጁን እወደዋለሁ። አብሬው እጸልያለሁ፣ አብሬው እበላለሁ። ማዕድ ሌላ ነው፣ ደም ሌላ ነው።»

ኑሃሚን ተሟገተች፣ አለቀሰች። በመጨረሻ አባትና ልጅ ተስማሙ። አንድ ወር ትጸልያለች፤ በዚያ ወር ከምሥጋና ጋር አትደዋወልም፣ አትገናኝም። ወሩ ሲያልቅ ቃሏን ትሰጣለች። ይህን እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጋ ማለች። ሌላ ሴት ብትሆን ጓዳ ገብታ ትደውል ነበር፤ ኑሃሚን ግን የማለችውን የማታፈርስ ደረቅ ፍጥረት ናት። ያ ደረቅነቷ ነው ምሥጋናን የማረከው፣ ያ ደረቅነቷም ነው በኋላ ያቃጠለው።

መሐላውን ከመማሏ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት በላይኛው ከተማ በሴቻ ነበር፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል ከሚያሳየው ገደል አፍ። ያኔ ከተማው ሁሉ ስለ አንድ ፊልም ያወራ ነበር። ከኮሚክ መጽሐፍ የተወሰደ የጀግና ታሪክ ነው፤ በውጭ አገር ሲኒማ ቤት ታይቷል፣ ለቤት ግን ገና አልተለቀቀም። ጀግናው በከተማው ውስጥ የሚጮኸውን ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ ነው። ምሥጋና ገና ሳይተርከው «ሩቅ ሰሚው» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሲኒማ ቤት ያዩት ሰዎች መጨረሻውን ኢንተርኔት ላይ ስለዘረገፉት፣ ሁለቱም ሳያዩት አስተያየት ነበራቸው።

«የሚሄደው እኮ ስለሚወዳት ነው» አለ ምሥጋና። «ጠላቶቹ በእሷ በኩል እንዳይመጡ።»

«ጠይቋታል?»

«አልጠየቃትም።»

«እንግዲያው ፈሪ ነው» አለች ኑሃሚን። «ከተማ ሙሉ ይሰማል፣ አጠገቡ ያለችውን አይሰማም። ለእሷ ብሎ አይደለም የሚሄደው፤ በእሷ በር ላይ መዋረድን ፈርቶ ነው።»

የሚያወሩት ስለ ፊልሙ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አንተስ?» አለችው። «ትሄዳለህ?»

ለእያንዳንዱ ወንበዴና ለእያንዳንዱ ፈረስ አስተያየት ያለው ሰው፣ የራሱ ነገር ሲመጣ ምላሱ ተያዘ። እናቱን ይዞ በጋሽ ሀይሌ በር ላይ መቆም ታየው። «ፊልሙ ለቤት ሲለቀቅ እተርከዋለሁ» አላት በመጨረሻ። «አስተያየቴን እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ።»

እሷም ይህን ይዛ ነው ወሩን የጸለየችው።

እንግዲህ ፊልሙ ተለቀቀ። ጥርት ያለው ኮፒ አርባ ምንጭ ገባ፣ ምሥጋና ተረከው፣ ወይዘሮ ሻሺቱ የቤቱን ፍላሽ በገበያ ቀን ሱቁ ጥለውት ሄደው ተጭኖ መጣ። ኑሃሚን ከአንድ ሰዓት በላይ ትንፋሿን ይዛ የጠበቀችው ያቺን አንዲት ቦታ ነበር። ጀግናው በሩ ላይ ቆሞ፣ በምሥጋና ድምፅ «ስለምወድሽ ነው የምሄደው። አትጠብቂኝ» አለ። ኑሃሚን አስተያየቱን ጠበቀች። አንድ ሽሙጥ፣ አንድ «አይ አንተ ፈሪ» የሚል ቃል። ምንም የለም። ዝናቡ ብቻ ይዘንባል። ከዚያ ጠቆረ፣ ስሞቹም የሉም።

ከሁሉ የከፋው የስሞቹ ነገር ነበር። ትቷት መሄዱን በጀግናው አፍ ነገራት እንበል። ለእሷ ብቻ ሲተዋቸው የኖረውን ስሞች መቁረጡ ግን ምን ማለት ነው? እንደ ማንኛዋም ደንበኛ ሆንሽ ማለት ነው። በሩን ዘግቶ ቁልፉን ወንዝ መጣል ማለት ነው። ኑሃሚን እንዲህ ገባት፣ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን እንዲህ ይገባው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ወሩ አለቀ። በዚያው ቀን የክብሩ ሽማግሌዎች ከካምባ መጡ። ክብሩ የወረዳ አስተዳደር ባልደረባ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የማይጎዳ፣ በጉባኤ ላይ አይቷት የወደዳት። የምትጠላበት ምክንያት እንኳ አላገኘችለትም። አባቷ ከሳሎን ጠሩዋት።

«ልጄ፣ አላስገደድኩሽም። ጸልየሻል። ምን ሰማሽ?»

ኑሃሚን የሰማችውን ታውቃለች። ዝናብ ነው የሰማችው፣ ከዚያም ምንም።

«እሺ» አለች።

ጋሽ ሀይሌ ከደስታ ብዛት ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ እጇን ይዘው ባረኩዋት። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። እሷ ከሰው መሀል ቆማ፣ የራሷን እሺታ ሌላ ሰው እንደ ተናገረው ያህል ከሩቅ ትሰማው ነበር።

ምሥጋናስ የት ነበር ያን ሁሉ ቀን? ገረሴ ነበር፣ በር እያንኳኳ።

ሸክላ ሠሪ ለገበሬ ቤት ሽማግሌ ልኮ አያውቅም። ቢልክም በር የሚከፍትለት የለም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው መሆን አለባቸው። ምሥጋና ወሩን ሙሉ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ተንከራተተ። አንዱ «እናስብበት» አለው፣ ሌላው «የአገር ወግ ነው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ» አለው፣ ሦስተኛው ውሻውን አላሰረም። ማታ ሲመለስ እናቱ እጃቸው ጭቃ እንደያዘ ያዩታል።

«ተወው ልጄ» አሉት አንድ ቀን ወይዘሮ ፋንታዬ። «እኔ ለምጄዋለሁ። አንተን በበር ሲመልሱህ ግን ማየት አልችልም።»

«እማ፣ ሁልጊዜ ስለለመድሽው እኮ ነው የማይለወጠው።»

በመጨረሻ እሺ ያሉት አቶ ታዴዎስ ናቸው፣ በመንደሩ ስማቸው የተከበረ ሽማግሌ። ምሥጋና እግራቸው ላይ ወድቆ አልነሣም ሲላቸው፣ «በባዶ እጅ ብንሄድ ይመልሱናል። እርጥብ ሣር ይዘን እንሄዳለን» አሉ። አብረዋቸው ያሉት ደነገጡ። ጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ የሚንበረከከው ደም ሊፋሰስ የተነሣን ሰው ለማቆም ነው። ያን ሣር የተራመደ ጎሜ አለበት፤ አባቶች አትንኩ ያሉትን የነካ ሰው በዘሩ ላይ የሚመጣ ጦስ ነው ጎሜ።

«ሣር ለጠብ ነው እንጂ ለጋብቻ አይደለም» አላቸው አንዱ።

«ይኼም ጠብ ነው» አሉ አቶ ታዴዎስ። «ረጅም ጠብ።»

ቀኑም ተቆረጠ፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ። ምሥጋና በደስታ ሊያብድ ደረሰ። የቸገረው ኑሃሚን ቃሏን ሳትሰጥ እንድትጠብቅ ማድረግ ነው። እንዳይደውልላት መሐላዋን ያከብራል። ስለዚህ ወደ ሲቀላ ወርዶ ፊልሙን ሲተርክ፣ ለእሷ ቤት ብቻ በተዘጋጀው ኮፒ ላይ፣ ከስሞቹ በኋላ የተደበቀችው ትንሽ ቦታ ላይ በራሱ ድምፅ ተናገረ። ስሞቹ ሲወርዱ ቤተሰቡ ይነሣል፤ እሷ ብቻ ትቀራለች። ሌላ ማንም አይሰማውም። ፋይሉን ለደግነት ትቶ ሽማግሌዎቹን ለመሰብሰብ ወደ ገረሴ ተመለሰ። በተቆራረጠ ኔትዎርክ «የጋሽ ሀይሌ ቤት ፍላሽ ሲመጣ ያዘጋጀሁትን ጫንላቸው» ከማለት በቀር ለደግነት ሌላ ነገር አልነገረውም።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ደግነት ያመጣው ሚኒባስ ላንቴ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከደጋው የለበሱትን ጋቢ ሙቀቱ እያሠቃያቸው ወረዱ። ወይዘሮ ፋንታዬ ከኋላ ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበዋል። በሰማያዊው የብረት በር ፊት አቶ ታዴዎስ ተንበረከኩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በእጃቸው ያለው ሣር ገና ጤዛ የያዘ ይመስል ነበር።

ጋሽ ሀይሌ ከአምልኮ የመጡበትን ሱፍ ሳያወልቁ በሩን ከፈቱ። ሣሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አባቶቼ፣ ተነሡ እባካችሁ። ምን ጠብ አለና ሣር ይዛችሁ መጣችሁ?»

«አለ እንጂ» አሉ አቶ ታዴዎስ። «አያቶቻችን የጀመሩት አለ። የዚችን ሴት እንስራ ውሃ እየጠጣን፣ እሷን ከበር ስንመልስ ኖርን። ልጇ ልጅህን ወደደ። እኛ ገበሬዎቹ መጥተን እንለምናለን።»

ጋሽ ሀይሌ ወይዘሮ ፋንታዬን አዩ፤ ሴትዮዋ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ከዚያ ምሥጋናን አዩ። ድምፃቸው ሲወጣ የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ነበር።

«ዘገያችሁ አባቴ። ትናንት ለካምባ ሰዎች ቃል ሰጠሁ። ልጄም በአፏ እሺ ብላለች።»

ምሥጋና አልሰማም። ማለት ጆሮው ሰምቷል፣ ሰውነቱ አልሰማም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ያኔ ኑሃሚን ከአባቷ ጀርባ ብቅ አለች።

ወር ሙሉ አልተያዩም። እሷ ከስታለች። እሱም ከስቷል፣ ጫማው የደጋ ጭቃ ይዟል። መጀመሪያ ያየችው ሣሩን ነው፣ ቀጥሎ እናቱን፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑን። ዓይኑ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር እንደተሳሳተ ገባት፤ ምኑ እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«እሺ አልሽ?» አላት።

«አልኩ።»

«ጠብቂኝ እያልኩሽ?»

«መቼ አልከኝ?» አለች። «አትጠብቂኝ ነው ያልከኝ።»

«እሱ እኮ ሰውዬው ነው። ጀግናው ነው ያለው።»

«ድምፁ ያንተ ነው ምሥጋና። አስተያየትህን ጠበቅኩ፤ አንዲት ቃል አልተናገርክም።»

«ለመጨረሻ ነዋ ያቆየሁት። ከስሞቹ በኋላ ነው የተናገርኩት።»

«ስሞች የሉም» አለች ኑሃሚን ቀስ ብላ። «ቆርጠሃቸዋል።»

ምሥጋና ወደ ደግነት ዞረ። ደግነት ሚኒባሱን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ የሁሉም ዓይን ሲያርፍበት ፊቱ ደም መሰለ።

«ፍላሹ ሞልቶ ነበር» አለ። «የጋሽ ሀይሌ መዝሙር ነበረበት፣ መዝሙር ደግሞ አይጠፋም ብዬ… እንደ ሁልጊዜው ስሞቹ ከጀመሩበት ቆረጥኩት። ‹ማን ያነባቸዋል› ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

አዎ፣ እሱ ነው። ሱቁን የከፈቱ ሰሞን ያለውን ቃል አሁን በዚህ በር ላይ መልሶ ሰማው። ለሰው ሁሉ እየቆረጠ ለአንዲት ሴት ብቻ ሲተው፣ አንድ ቀን የእሷም እንደሚቆረጥ አላሰበም።

«ምን ነበር ያልከው?» አለች ኑሃሚን።

ምሥጋና ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ፋይሉ ሱቅ ነው ያለው።»

«ፋይል አይደለም የጠየቅኩህ። በአፍህ ንገረኝ።»

ይህ ሰው በንጉሥ ድምፅ አዝዟል፣ በወንበዴ ድምፅ ዝቷል፣ በሴት ድምፅ አልቅሷል። የራሱን ድምፅ ግን ከአንድ ማይክሮፎን በስተቀር ማንም ፊት አውጥቶት አያውቅም። እናቱ ከኋላው ሲተነፍሱ ሰማ። ጋሽ ሀይሌ ቆመዋል፣ ሽማግሌዎቹ ተንበርክከዋል፣ ጎረቤት ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጓል። ይህ ነው እንግዲህ ሲፈራው የኖረው በር።

«ኑሃሚን፣ አስተያየቴን ጠይቀሽኝ ነበር» አለ። ድምፁ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነበር፤ በቴሌቪዥን የሚያውቁት ሰዎች አይለዩትም ነበር። «ይኼ ሰውዬ ፈሪ ነው፣ ልክ ነሽ። እኔም ፈሪ ነበርኩ። እናቴን በር ላይ እንዳያዋርዷት ብዬ አንቺን ልተው አስቤ አውቃለሁ። አሁን ግን አልሄድም። እሑድ ሽማግሌ ይዤ፣ እናቴን ይዤ በራችሁ ላይ እቆማለሁ። እስከዚያ ቃልሽን ለማንም አትስጪ። ጠብቂኝ። ይኼን ነው ያልኩት።»

ኑሃሚን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከጣቶቿ መሀል የወጣው ድምፅ ለቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አይቻልም። ያ ሁሉ ሲነገር እሷ ጥቁር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነበር።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ግማሽ ሰምቼ ነው እሺ ያልኩህ።»

«ልጄ…» ጋሽ ሀይሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ምን እላቸዋለሁ? ልጄ ፊልሙ ሳያልቅላት እሺ ብላ ነው ልበል?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ አቶ ታዴዎስ፣ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ።

ጋሽ ሀይሌ «አባቴ፣ ይቅር በሉኝ» ብለው የልጃቸውን እጅ ያዙና ወደ ውስጥ መለሱዋት። በሩ በኃይል አልተዘጋም፤ ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው፣ እሱም የባሰ አመመ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። አቶ ታዴዎስ በዝግታ ተነሡ፣ የያዙትን ሣር በበሩ ደፍ ላይ አኖሩት፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን አኖሩ። «የእኛ ይኼው ነው» አሉና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ደግነት ሞተር አስነሣ። አጥር ላይ የነበሩት ጎረቤቶችም አንድ በአንድ ወረዱ፤ ያለቀ ነገር ማን ያያል።

ምሥጋና አልተከተላቸውም። ከመንገዱ ማዶ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ና እንሂድ ልጄ» አሉት እናቱ። «አልቋል።»

«ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ እማ። እኔ ነኝ ሁልጊዜ ቶሎ የምቆርጠው።»

ወይዘሮ ፋንታዬ አባባሉ አልገባቸውም። ልጃቸውን ግን አዩት፣ በሩንም አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አወረዱና አጠገቡ ተቀመጡ። ሚኒባሱ ያለ እነሱ ሄደ።

ፀሐይ ስትበርድ የብረቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ሀይሌ ነበሩ፤ የካምባን ሰዎች ተገናኝተው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ወደ አርባ ምንጭ ሊሄዱ ነው። እግራቸውን አነሡና፣ ደፉ ላይ ያለውን ሣር አዩ። ጠውልጓል፣ ግን አለ። ከማዶ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል።

ጎሜ የሚባል ነገር የለም፣ ክርስቶስ ሽሮታል፣ ብለው ስንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሆኖም የተነሣው እግራቸው አየር ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ሻሺቱ ከበረንዳው ያዩ ነበር። «እለፍ እንጂ» አሏቸው። «የለም ብለህ ሰብከህ የለም?»

ጋሽ ሀይሌ እግራቸውን መለሱ። ወደ ፊት አልሄዱ፣ ወደ ኋላ አልገቡ፤ ቆሙ። ያን ጊዜ በአጠገባቸው ኑሃሚን መጣች፣ ከሣሩ ወዲህ፣ ደፉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቷን ቀና ብላ አላየችም። ከሣሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ነው ያየችው። እሱም ያያታል። እናቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከመሬት አንሥተው ያዩዋታል።

«እስከ መቼ ነው እዚህ የምትቀመጪው?» አሉ ጋሽ ሀይሌ፣ የራሳቸው በማይመስል ድምፅ።

«እስኪያልቅ» አለች።

የአባቷ እግር ከጎኗ ነው፤ ጫማቸው ከሣሩ አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል። ወዲያ ይንቀሳቀስ ይሆን፣ ወደ ኋላ? ኑሃሚን ቀና ብላ ማየት ትችል ነበር። ስም ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ተቀምጣ የምታይ ልጅ፣ ያን ማታ ዓይኗን ምሥጋና ላይ ተክላ፣ መጨረሻውን ማየት ፈራች።